መድኃኒት ጠጥታ ተኝታለች

ኪኒን ይዋጣል፣ ሽሮፕ ይጠጣል፣ መርፌ ይወጋል። እኔ ባደግኩበት አማርኛ ነገሩ እንዲህ ነው። «መድኃኒት ጠጣች» ከተባለ ግን ሌላ ነው። በእናቴ ጊዜ መድኃኒት ጠጣ ማለት ኮሶ ጠጣ ማለት ነበር፤ ሰውየው ቤቱን ዘግቶ ይውላል፣ እንግዳ አይቀበልም፣ በማግስቱ ሆዱ ቀሎት ይወጣል። በእኔ ጊዜ ቃሉ ከፋ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ልጅ ለማትፈልገው ሰው ሊድሯት ሲሉ የአይጥ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ለቅሶው ላይ መርዝ የሚል ቃል ከአፉ ያወጣ ሰው አልነበረም። ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መድኃኒት ጠጥታ ነው» ነበር የሚለው። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ስሰማ ያቺ ልጅ ናት የምትታየኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ይህን መጻፌ፣ ኋላ የደረሰብኝ ነገር ለሚያነበው ሰው ግልጽ እንዲሆን ነው።

ፈሪ ሴት ነኝ። እንዲህ ሆኜ የተፈጠርኩ አይመስለኝም፤ ሀዋሳ ናት ያስፈራችኝ። ባሌ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ወደዚህ ሲያመጣን ልጃችን ገና ትድህ ነበር። ሐይቁን አይቶ «እንግዲህ እርጅናዬ እዚህ ዓሣ እየበላሁ ነው» አለ። እርጅናውን አላየውም። ክረምቱ ወጥቶ ቢምቢው ሲበዛ ወባ አንቀጥቅጣ አንቀጥቅጣ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ የልጄ ግንባር ሞቅ ካለ እኔ ተቀምጬም ቆሜም አልሆንም። መድኃኒቱንም አላምነውም። ያ ሁሉ ኪኒን ወርዶ ሰውየውን ካላዳነ ታዲያ ምን ሊሠራ ነው የሚወርደው እላለሁ። ስለዚህ መድኃኒት በተሰጠኝ ቁጥር ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ «ጠንቁስ?»

ልጄ በዚህ ትስቅብኝ ነበር። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ውኃ ቢሰጡሽም ጠንቁስ ትያለሽ» ትለኛለች።

ትስቅ እንጂ ጠያቂነቱ ወደሷም ተጋባ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ፣ ቁስል የሚያጥቡትንና መርፌ የሚወጉትን ድሬሰሮች በጥያቄ ስታደርቅ ትቆይና ያገኘችውን ይዛልኝ ትመጣለች። ራሴን ሲያመኝ አስፕሪን በባዶ ሆዴ እንዳልውጥ፣ ጨጓራ ይልጣል ብላ፣ ዳቦ በእጇ ይዛ እስክጎርስ ትቆማለች። አንድ ጊዜ ደከመኝ ብዬ ሄጄ ቪታሚን ሰጡኝ። ሽንቴ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ጉበቴ ፈሰሰ ብዬ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሷ ስትስቅ ወንበሩን ይዛ ነው የቆመችው። ቪታሚኑ ነው፣ ሰውነትሽ የተረፈውን እየመለሰ ነው አለችኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ሌላ ስጋት አመጣች። ቪታሚን ያስርባል ይባላል፤ በዚያን ጊዜ እህሉንም ዘይቱንም ስኳሩንም ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን በልክ ነበር የምናገኘው። «በዚህ ሰልፍ ላይ ደግሞ የምግብ ፍላጎት ጨመርሽበት?» ብላ አሾፈችብኝ። እውነትም ራበኝ። ቪታሚኑ ይሁን ነገሯ አላወቅኩም።

ይቺው ጎረቤቴ ቀይና ቢጫውን ካፕሱል ለሁሉም ነገር ትጠቀምበት ነበር። ከፍታ ዱቄቱን ቁስል ላይ ትነሰንሳለች። ለትንሹ ልጇ በማር ለውሳ ልትሰጠው ስትል ልጄ ማንኪያውን ከእጇ ነጠቀቻት። ለሕፃን አይሰጥም፣ ጥርሱ ሲወጣ ቡናማ ሆኖ ይቀራል አለቻት። ጎረቤቴ ለጊዜው ተቀይማ «ሐኪሟ መጣች» እያለች ስትሸሻት ሰነበተች። ኋላ ግን ቤቷ ያለውን ኪኒን ሁሉ በጣሳ ይዛ መጥታ የቱ የምን እንደሆነ ታስለያት ጀመር።

ከሁሉ የማልረሳው የክሎሮኪኑን ነው። አንድ መኸር ላይ ሁለታችንንም ወባ አንድ ላይ ጣለችን። ኪኒኑን ወሰድን፣ ትኩሳቱ በረደ፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ማሳከኩ ተነሣ። ያልቀመሰው ሰው አያውቀውም። ሽፍታ የለው፣ እብጠት የለው፣ ከቆዳ ሥር ሳማ የተነሰነሰ ይመስላል። እጅ ሲያኩት እግር፣ እግር ሲያኩት ጀርባ። ጎረቤት፣ ማሳከኩ መድኃኒቱ በሽታውን ሲያባርረው ነው ይላል። ልጄ ግን አይደለም፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ ራሱ ይተዋል ብላ አስረዳችኝ። እስኪተው ድረስ አልጋው ላይ ጀርባና ፊት ሆነን ተቀምጠን፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተራ በተራ እንተካከክ ነበር።

«እማዬ፣ እከክልኝ ልከክልህ ማለት ለካ ይሄ ነው» አለች። ያ ቃል ያኔ ጉቦና አድልዎ የሚሠሩ ሰዎች የሚሰደቡበት ነበር፤ በየስብሰባው እንሰማዋለን። እኛ እየተካከክን ሳቅን። ጀርባ ላይ የራስ እጅ የማይደርስበት ቦታ አለ። እሷ ያንን ቦታ ሳልነግራት ታውቀው ነበር።

ፊደልንም ያስጨረሰችኝ እሷ ናት። ቀበሌ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ሀ ሁ ብዬ ነበር፤ አጥርቼ ማንበብ የቻልኩት ግን የመድኃኒት ከረጢት ላይ «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» የሚለውን እያስነበበችኝ ነው። ለዚህ ነው ዛሬም ስጽፍ ብዙ ቃል የሚከብደኝ፣ «ከምግብ በኋላ» የሚለው ግን እጄ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች ስሟ ለጤና ረዳትነት ትምህርት ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ወጣ። ምድቡ ሰሜን ነበር። ትምህርቱም እዚያው፣ ሥራውም እዚያው። ሰሜን ማለት ያኔ ምን ማለት እንደሆነ እናት ሁሉ ታውቃለች። የኛን ሰፈር ወንዶች ልጆች ጭኖ የሄደው መኪና ሁሉ ወደዚያ፣ ወደ ጦር ሜዳ ነው የሄደው፤ ከዚያ የሚመጣው ወሬ ደግሞ በሹክሹክታ ነው። ልጄ እየዘለለች መጥታ ነገረችኝ። እኔ ዝም አልኩ። እምቢ ብል ኖሮ ትከራከረኝ ነበር፤ ዝምታዬን ግን የምትከራከርበት መንገድ አጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት እንግዶች ሆንን።

በመሐሉ ለክረምቱ የመሠረተ ትምህርት ዙር ቡሹሎ በኩል፣ ሐይቁ አጠገብ ካሉት ገበሬዎች ዘንድ እንድታስተምር ተመደበች። ቅርብ ነው፤ ቢሆንም እዚያው ገበሬ ቤት እያደረች ነው የምታስተምረው። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፤

«እማዬ፣ ስመለስ ቁርጡን ትነግሪኛለሽ። ሂጂ ካላልሽኝ አልሄድም። ግን እዚህ ቀርቼ ምን እንደምሆን አላውቅም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤ ቀረሁ። ምን እንደምሆን አላውቅም ማለት ምን ማለት ነው? ቡና ስለቅምም፣ ሰልፍ ላይ ስቆምም፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለምም ያቺን ቃል ስፈታ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብስክሌቱን እየገፋ አንድ ሰው በራችን ላይ ቆመ። ልጄ ያረፈችበት ቤት አባወራ ነው። ሲዳማ ነው፤ አማርኛውን ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ነው የሚናገረው። የአስተማሪዋ እናት እኔ መሆኔን ጠየቀ፤ ነኝ አልኩት።

«ልጅሽ መድኃኒት ጠጥታ ተኝታለች» አለኝ።

የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ብንጠራትም አትሰማም። ጋቢ ይዘሽ ነይ ብለዋል።»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሞተ አይባልም። ትንሽ አሞታል ይባላል። ሐኪም ቤት ነው ይባላል። ተኝቷል ይባላል። መርዶ ነጋሪ ፊቱን አረጋግቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ስለ ዝናብ አውርቶ ነው ሰውየውን ወደ ለቅሶው የሚያደርሰው። ይሄ ሰው ደግሞ ረጋ ብሏል። ውኃ ለመነኝ፣ ሰጠሁት፣ ጠጣ። እግዚአብሔር ይስጥሽ አለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ እኔ ልጄን ቀበርኩ። ያቺ የሰፈራችን ልጅ ታየችኝ። «ምን እንደምሆን አላውቅም» ያለችው ተፈታልኝ።

ከሳጥኑ ሥር ጋቢ አወጣሁ። ለሠርጓ ብዬ ራሴ ፈትዬ ያሠራሁት፣ ሰው ያልለበሰው ጋቢ ነው። ለምን እሱን እንደመረጥኩ ሰው አይጠይቀኝ። ጎረቤቴ ፊቴን አይታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ፤ አልመለስኩላትም። ከብስክሌቱ ኋላ፣ ዕቃ ከሚጫንበት ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ ዕድሜዬ፣ የማላውቀውን ሰው ቀበቶ ይዤ፣ ጋቢውን አቅፌ በሀዋሳ መንገድ ላይ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንደሩ ይስቅብኝ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ያወራል። የበቆሎው ነገር፣ የበሬው ነገር፣ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ስለበላበት ማሳ። ሊያስረሳኝ ነው ብዬ ሆዴ አዘነለት። ሐይቁ በቀኝ በኩል በዛፎቹ መሐል ብቅ እልም ይላል። እውነቱን ንገረኝ አልኩት።

«እውነቴን ነው፣ ተኝታለች» አለኝ። ከዚያ ትንሽ ሄደና «አስተማሪያችን ጎበዝ ናት። ሚስቴ ስሟን መጻፍ ቻለች» አለ።

ናት አለ። ነበረች አላለም። ያቺን አንዲት ቃል ጨበጥኩ። ቋንቋው ስላልሆነ ነው ሲል አንዱ ሐሳቤ፣ ሌላው አይደለም፣ ናት ብሏል ይላል። እንዲህ እያልኩ ከፈጣሪዬ ጋር ተዋዋልኩ። ሰሜን ትሂድ አልኩ። ከሰሜንም ወዲያ ትሂድ። ከእኔ ጋር አትኑር፤ ብቻ ትንፋሽ ይኑራት።

ቡሹሎ ያለው ጤና ጣቢያ ግቢ ስንገባ የሚያለቅስ ሰው የለም። የታጠበ አንሶላ አጥር ላይ ተሰጥቷል። አንዲት ሴት በቆሎ ጠብሳ ለልጇ ትፈለፍላለች። ሰውየው ብስክሌቱን ግንድ ላይ አስደግፎ ወደ አንድ ክፍል መራኝ። ልጄ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እጇ ላይ መርፌ ተሰክቶ ጉሉኮስ ይንጠባጠባል። ከንፈሯ ደርቆ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ግን ዓይኗ እኔን ያያል።

«እማዬ» አለች። አለች ልበል እንጂ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው በሽተኛ ሁሉ እስኪዞር ነው የጮኸችው።

አልጋዋ ላይ ወደቅሁ። እሷ ያቀፍኩትን ጋቢ አየችና በዚያው ጩኸቷ «ይሄን ጋቢ ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው? ልትድሪኝ ነው እንዴ?» አለች። በሽተኞቹ ሳቁ። ድምፅሽን ቀንሺ ብላት እንደገና «ምን?» ብላ ጮኸች።

ነርሷ መጥታ ነገሩን አስረዳችኝ። ልጄን ወባ ይዛት፣ ክሎሮኪኑ ሳይመልሰው ቀርቶ፣ ጠንከር ያለውን መድኃኒት በጉሉኮስ አድርገው ሰጥተዋታል። ቀደም ሲል የሚዋጠውንም ሰጥተዋት ነበር። ይህ መድኃኒት ጆሮ ያስጮኻል፣ መስማትም ይቀንሳል፣ ራስ ያዞራል፤ ሲጨርሱት ጆሮው ይመለሳል። ስኳርም ከደም ውስጥ ሊያወርድ ይችላል፣ ስለዚህ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ቶሎ ትቅመስ፤ ብድግ ስትል ትወድቃለችና ብቻዋን አትነሣ አለችኝ። ጋቢውም ሲያንቀጠቅጣት እንድትለብሰው ነው የተፈለገው። እኔም እንደ ልማዴ፣ ልቤ እንኳ ሳይመለስ፣ «ጠንቁስ?» አልኳት።

«ጠንቁማ ይኸው ያዩት ነው፣ እናቴ» አለችኝ። «ግን እርስዎን ከልጅዎ በላይ ያመመዎት ይመስላል። ቁጭ ይበሉ።»

ሰውየውን አገኘሁትና ተቆጣሁት። ምነው ኪኒን ዋጠች ብትለኝ፣ መድኃኒት ጠጣች ብለህ ነፍሴን አወጣህ አልኩት። እሱ ግራ ገብቶት አየኝ። እሱ ሲናገር ኪኒኑም ሽሮፑም ይጠጣል።

«ታዲያ በውኃ አይደል የወሰደችው?» አለኝ።

እውነቱን ነው። በውኃ ነው የወሰደችው። እኔ መድኃኒት ጠጣች የሚለውን ቃል ለመርዝ ሰጥቼዋለሁ፣ እሱ ለመድኃኒት ሰጥቶታል። ከሁለታችን ቃሉን በደንቡ የያዘው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጸጥ ሲል ሻይ በብዙ ስኳር አድርጌ በማንኪያ እሰጣት ነበር። በወጣችበት ቀን ያልተነፈስኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። አትሰማኝም። እሷ የምትሰማው ቢሆን ኖሮ አልናገረውም ነበር። ፊቷን እያየሁ በተራ ድምፅ፣ የሻይ ወሬ እንደማወራ ሆኜ ተናገርኩት።

«አትሂጂብኝ፣ ልጄ። አንቺ ከሄድሽ ጀርባዬን ማን ያክልኛል? ጠንቁስ ብል ማን ይስቅብኛል? ፈራሁ። ከአባትሽ ጀምሮ እንደፈራሁ ነው።»

ከንፈሬን ስታይ ቆየችና፣ «ሻዩ? አዎ፣ ይመራል» ብላ ጮኸች። «ሁሉ ነገር ይመረኛል። ግን አንቺ ካጠጣሽኝ እጠጣዋለሁ።»

ስስቅም ሳለቅስም አንድ ላይ ነበር። እሷ የሳቁን ብቻ አይታ አብራኝ ሳቀች።

ጆሮዋ እንደተባለው ተመለሰ። መጀመሪያ የሰማችው ዶሮ ነው፤ «ዶሮ ጮኸ፣ ሰማሁ» ብላ ነገረችኝ። ቤት ከገባን በኋላ ፀጉሯን እየሠራሁላት ሳለ ያን ለት ሻይ ስታጠጪኝ ብዙ ነገር ስታወሪኝ ነበር፣ ምን ነበር ያልሽኝ ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ ዳኚልኝ ነው ያልኩሽ አልኳት። ፀጉሯን ይዤ ስለነበር ፊቴን አላየችውም።

«ቁርጡስ?» አለች።

ቁርጡን በብስክሌቱ ላይ ጨርሼዋለሁ። አንድ ጊዜ ሞታለች ብዬ መንገድ ወጥቼ፣ ተመልሳ በሕይወት ለተሰጠችኝ ልጅ፣ ትሄዳለች የሚለው ነገር ምኑ ይከብዳል? ፈጣሪንስ በየት በኩል አታልለዋለሁ?

«ጋቢውን ይዘሽ ሂጂ» አልኳት። «እዚያ ይበርዳል ይላሉ።»

ዞራ አቀፈችኝ፤ ሹሩባው ተበተነ።

ሄደች። ትምህርቱን ጨረሰች፣ እዚያው ተመደበች። መጀመሪያ ላይ ወሬዋ በሰው በሰው ይደርሰኝ ነበር። የመጨረሻው የመጣው በጭነት መኪና ሹፌር ነው። ደም ማነስ እንዳለብኝ ከሰው ሰምታ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ኪኒን ልካልኛለች። ሹፌሩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ኪኒኑን ሰጥቶኝ ሊሄድ ካለ በኋላ እንደገና ቆመ። ፊቱ ቀላ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ አደራ ብላኝ ነው። ከሻይ ጋር እንዳትወስጂው በልልኝ ብላለች። ደግሞ… እዳሪ ሲወጡ ጥቁር ይሆናል፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ አትደንግጪ በልልኝ ብላለች።»

ከዚያ ሁሉ አገር ተሻግሮ የመጣ ቃል ይሄ ነው። ሰው ይስቅ እንደሆነ ይሳቅ። ሳልጠይቃት «ጠንቁስ?» ያልኩትን ሰምታ መለሰችልኝ። ኪኒኖቹን ለማስታወሻ ላስቀምጣቸው ቃጥቶኝ ነበር፤ ግን ልጄ መድኃኒት አስቀምጣ የምታበላሽ ሴት ትጠላለች። ሁሉንም ዋጥኩ። እንዳለችውም ሆነ። አልደነገጥኩም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተዘጋ አሉ። ሹፌሩም አልተመለሰ። ቀበሌም ብጠይቅ፣ ከዚያ የመጣ ወታደር ብጠይቅ፣ የሚያውቃት የለም። ደህና ትሆናለች ይሉኛል። እኔ ደግሞ ይህን «ደህና ትሆናለች» የሚለውን አነጋገር አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ሲያረጋጉኝ ይብስብኛል። አሁን የምፈልገው የሚያረጋጋኝ ሰው አይደለም።

ዘንድሮ እኔንም ወባ ጥላኝ፣ ያንኑ ጠንካራውን ኪኒን ሰጡኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ውስጡ ወፍጮ የተተከለ ይመስል ነበር። እናቴ ጆሮ ሲጮኽ የራቀ ሰው ስም እያነሣ ነው ትል ነበር፤ ነርሷ ደግሞ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው ትለኛለች። የነርሷ እውነት መሆኑን አውቃለሁ፤ ልጄም ብትሆን እንዲሁ ነበር የምትለኝ። ግን ጩኸቱ ሲተወኝ ቤቱ ጭር አለብኝ። ጀርባዬን የመኝታዬ እግር ላይ አሻሸሁት፤ እጅ የማይደርስበት ያ ቦታ ግን አልተገኘም።

አሁን የብስክሌት ደወል በሰማሁ ቁጥር ወደ በር እወጣለሁ። ሀዋሳ ደግሞ ብስክሌት የበዛባት ከተማ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስወጣ ስገባ እውላለሁ። አንድ የማላውቀው ሰው ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ፣ ውኃ ለምኖኝ፣ ጠጥቶ፣ በዚያ ረጋ ባለ አነጋገር ልጅሽ መድኃኒት ጠጥታ ተኝታለች፣ ብንጠራትም አትሰማም ቢለኝ፣ የት እንኳ ብዬ አልጠይቀውም። ጋቢው ከሷ ጋር ነው። ነጠላዬን ይዤ ከኋላው እቀመጣለሁ።